ቲታኒየም በሌዘር ሲታከም ምኑ ነው የሚጠነክረው?

ጅማ ላይ "ቲታኒየም" የሚለውን ስም የሰማ ቤተሰብ እየበዛ ነው። ስሙን ወደ ቤታችን ያስገባው የተሰበረ እግር ነው። ባጃጅ ይገለበጣል። ሞተር ሳይክል ከአይሱዙ ጋር ይላተማል። አቮካዶ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚወድቅም አለ። ሐኪሙ "ፕሌት ይገባለታል"፣ ማለትም የተሰበረውን አጥንት የሚይዝ ብረት፣ ሲል ቤተሰብ ስልክ መደዋወል ይጀምራል። ስቴንለስ ይሁን ወይስ ቲታኒየም? ዋጋው ስንት ነው? ከአዲስ አበባ ማን ያመጣዋል? ሁሉም ግራ ገብቶት ሳለ "ይሄኛው በሌዘር የተጠናከረ ነው፣ አይሰበርም" የሚል ሰው ብቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው በዚህች አንዲት አነጋገር ምክንያት ነው። ሰው በብድር ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሌዘር መንካቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በሌዘር ከሚደረጉ ሕክምናዎች አንዳንዱ የቲታኒየምን ዕድሜ በጣም ያረዝማል። አንዳንዱ ደግሞ ላዩን አጠንክሮ ቶሎ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ካታሎግ ላይ ግን ሁለቱም "በሌዘር የጠነከረ" ተብለው ሊሸጡ ይችላሉ።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ ሃርድነስ ነው። ገጹ ጭረትንና መበላትን ምን ያህል ይችላል ማለት ነው። ሌላው ታፍነስ ነው። ስንጥቅ ከተፈጠረ በኋላ ብረቱ ያንን ስንጥቅ ይዞ ምን ያህል ይቆያል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ይህን የእኛ ቀጥቃጮች ከማንም በፊት ያውቁታል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የሚወጣ ጥሩ ገጀራ ውሃ የጠጣው ስለቱ ብቻ ነው። ጀርባውን ባለሙያው ለስላሳ አድርጎ ይተወዋል። ስለቱ ይቆርጣል፣ ጀርባው ምቱን ይሸከማል። ውሃ የበዛበት ገጀራ ግን የመጀመሪያው ጉጥ ላይ ይሸራረፋል። የገጽ ሕክምና የሚባለው የምህንድስና ዘርፍ በሙሉ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ላዩ ይጠንክር፣ ውስጡ ይቻል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ቀጥቃጩ የሚሠራበት ብረት ውስጥ ካርቦን አለ። በውሃ ድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታሰራል፤ ብረቱም በጣም ይጠጥራል። ቲታኒየም ውስጥ ይህን የሚሠራ ካርቦን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቲታኒየምን ድንገት ማቀዝቀዝ ብቻውን የሚጨምርለት ሃርድነስ ልከኛ ነው። ታፍነሱን የሚያጠፋው ዋናው ጠላት ሌላ ነው። አየር ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የቲታኒየም ቅይጥ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ተሠራ፤ እስካሁንም ከዓለም የቲታኒየም ፍጆታ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ክብደቱ ከብረት ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ በምታህል ስፋት ወደ 90 ኪሎ ግራም ቢንጠለጠልበት ለዘለቄታው አይለጠጥም። ሰውነት አይቆጣውም፣ አይዝግም። አጥንት ጋር ሲገጠምም የብረትን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚገተር ከአጥንቱ ጋር የተሻለ ይስማማል።

ታፍነሱን በተመለከተ ግን ይህ ቅይጥ አስገራሚ ጠባይ አለው። በምህንድስና መጻሕፍት የሚሰጠው ቁጥር አንድ አይደለም። ውስጡ ክብ ክብ ቅንጣቶች ያሉት ሲሆን ከ44 እስከ 66 ሜጋ ፓስካል ስኩዌር ሩት ሜትር (የታፍነስ መለኪያ ነው) ይደርሳል። ያው ቅይጥ፣ ያው ኬሚካል፣ በሙቀት ተሠርቶ ውስጡ እንደ ስስ ቅጠል የተደራረበ ሲሆን ደግሞ ከ88 እስከ 110 ይሆናል። እጥፍ ነው። የሚሸከመው ጭነት ግን ብዙም አይለያይም። ምክንያቱ የስንጥቁ መንገድ ነው። በተደራረበው መዋቅር ውስጥ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። እየተጠማዘዘና እየተቆራረጠ ነው የሚያልፈው፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ደግሞ ጉልበት ይበላል።

እንግዲህ የቲታኒየም ታፍነስ የተጻፈው በሙቀት ታሪኩ ውስጥ ነው። ሌዘር ማለት ደግሞ አዲስ የሙቀት ታሪክ መጻፍ ማለት ነው፣ ያውም በጣም ቀጭን በሆነ ንብርብር ላይ።

በመጀመሪያ የሚያቀልጠውን ዓይነት እንይ። ጨረሩ ገጹ ላይ ይወርዳል። ትንሽ የቀለጠ ኩሬ ይፈጠራል። ቅይጡ የሚቀልጠው 1,650 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቲታኒየም ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ደካማ ነው፣ ከተራ ብረት ስድስት ሰባት እጥፍ ያነሰ። ስለዚህ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል፤ ከላይ ሲቀልጥ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ቀዝቃዛ ነው። ጨረሩ እንዳለፈ ኩሬው በሰከንድ በሺዎች፣ አንዳንዴም እስከ ሚሊዮን በሚደርስ የዲግሪ ፍጥነት ይቀዘቅዛል። በዚህ ፍጥነት ቅጠሎቹ ለመደራረብ ጊዜ አያገኙም። በምትካቸው የተሰካኩ ቀጫጭን መርፌዎች ይፈጠራሉ። ማርቴንሳይት ይባላሉ። ከብረቱ ጋር በማይዋሃደው ጋዝ፣ በንጹህ አርጎን ውስጥ ከተሠራ ሃርድነሱ ከ350 ቪከርስ (የሃርድነስ መለኪያ ነው) ገደማ ወደ 400 አካባቢ ቢወጣ ነው። ታፍነሱ ይቀንሳል፣ ግን አደጋ የሚባል ደረጃ ላይ አይደለም። ኋላ በሙቀት ማስተካከልም ይቻላል።

አየር ከገባበት ነገሩ ሌላ ነው። ሌዘር ያለፈበትን መስመር ቁጭ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። በደንብ በአርጎን የተሸፈነው መስመር እንደ አዲስ ሳንቲም ብርማ ሆኖ ይቀራል። ጋዙ ትንሽ ሲያንስ የገለባ ቀለም ይመጣል። ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሲብስ ግራጫ ይሆናል። በመጨረሻ በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ብዙ ሰው ሰማያዊውን አይቶ "እንዴት ያምራል!" ይላል። እኔ ሳየው እደነግጣለሁ። ቀለሙን የሚሰጠው እየወፈረ የሚሄደው የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሽፋኑን በአሸዋ ወረቀት ማንሳት ይቻላል። ከሥሩ ቲታኒየሙ ውስጥ የሰረገውን ኦክስጅን ግን ማንም አያነሳውም።

ቲታኒየም ሲሞቅ ኦክስጅንን፣ ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን ይውጣል። ትንሽ መጠን ይበቃዋል። በአውሮፕላንና በተለመደው ሥራ ላይ የሚውለው ደረጃ 5 የሚባለው ቅይጥ የሚፈቀድለት ኦክስጅን ቢበዛ 0.20 በመቶ ነው። ለሰውነት ተከላ የሚመረጠው ደረጃ 23 ደግሞ ከ0.13 በመቶ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ልዩነቱ 0.07 በመቶ ብቻ ነው። ለዚህች ልዩነት ሲባል የተለየ ስም፣ የተለየ ደረጃና የተለየ ዋጋ ወጣለት። ኦክስጅኑ ሲያንስ ቅይጡ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ስንጥቅን የመቻል አቅሙ ግን ያድጋል። እንግዲህ ይህን ያህል ተለፍቶ የተጣራ ዕቃ ላይ ያለ በቂ ጋዝ ሌዘር ማሳለፍ ማለት የተከፈለበትን ንጽህና ከገጹ ላይ ማጥፋት ነው። የጅማ አየር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ነው። በአርጎን ቱቦ ውስጥ ያደረ እርጥበት ኦክስጅንም ሃይድሮጅንም ይዞ ይገባል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቱቦውን በጋዝ በደንብ መንፋት እዚህ ከደረቅ አገር በላይ ያስፈልጋል።

ናይትሮጅንን ግን ሰዎች ሆነ ብለው ያስገቡታል። ምክንያት አላቸው። ቲታኒየም በመፋተግ በጣም ይጎዳል። ከሌላ ብረት ጋር ሲታሽ ይጣበቃል፣ ይቦጫጨራል። ለመገጣጠሚያ ወይም ለሚሽከረከር ክፍል እንዳለ አይሆንም። ስለዚህ ገጹን በናይትሮጅን ውስጥ በሌዘር ያቀልጡታል። ወርቅማ ቀለም ያለው ቲታኒየም ናይትራይድ ይፈጠራል። የንጹህ ናይትራይድ ሃርድነስ ወደ 2,000 ቪከርስ ይደርሳል፣ ከቅይጡ አምስትና ስድስት እጥፍ። ለመበላት ችግር ይህ ትልቅ መፍትሔ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ ቁጥር ብቻ ተነጥሎ ሲወራ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ለዚህ የሚሆን ቀላል ቀመር አለ። አንድ ዕቃ የያዘው ስንጥቅ ድንገት ሮጦ እንዲሰብረው ምን ያህል መርዘም አለበት? የሚወሰነው በታፍነሱና በተሸከመው ውጥረት ነው። ዕቃው 300 ሜጋ ፓስካል ውጥረት ተሸክሟል እንበል። ታፍነሱ 60 የሆነው ጤነኛ ቅይጥ ስንጥቁ ወደ 12 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ይታገሣል። ናይትራይድ ግን እንደ ሸክላ ነገር ነው፣ ታፍነሱ ጥቂት ቁጥር ብቻ። 3 ብለን ብንወስድ የሚታገሠው ስንጥቅ ወደ 30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይወርዳል። ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። አንድ ዕቃ ላይ፣ ላዩና ውስጡ፣ በመቶዎች እጥፍ ይለያያሉ።

"ታዲያ ላዩ ቢሰነጠቅ ውስጡ ያቆመዋል" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ ለዛሬ ያቆመዋል። ነገ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ጭነቱ ተደጋጋሚ ከሆነ፣ እንደ እርምጃ ወይም እንደ ሞተር ዙር፣ ስንጥቁ ለማደግ፣ ጫፉ ላይ ያለው ኃይል በታፍነስ መለኪያ 60 እስኪደርስ አይጠብቅም። በዚህ ቅይጥ ውስጥ በተደጋጋሚ ጭነት ስንጥቅ ማደግ የሚጀምረው ጫፉ ላይ ያለው ኃይል ከ4 እስከ 5 አካባቢ ሲደርስ ነው። አሁን የጠጠረው ንብርብር 200 ማይክሮን ውፍረት አለው እንበል። ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ፣ በዚያው 300 ሜጋ ፓስካል ሥር ጫፉ ላይ ያለው ኃይል ከ8 በላይ ይሆናል። ስለዚህ ያድጋል። በየእርምጃው ያድጋል። ንብርብሩ 50 ማይክሮን ብቻ ቢሆን ኖሮ ኃይሉ 4 አካባቢ፣ ልክ ወሰኑ ላይ ይሆን ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ተሰባሪ የሆነ ንብርብር ካለ፣ የንብርብሩ ጥልቀት ማለት ስንጥቁ የሚጀምርበት ርዝመት ማለት ነው። ሻጩ "ጥልቅ ሕክምና ነው" ሲል እንደ ትልቅ ነገር ያወራዋል። ለመፋተግ ጥልቀቱ ጥሩ ነው። ለተደጋጋሚ ጭነት ግን ጥልቀቱ ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ናይትሮጅኑ ያለ ቦታው ሲገኝ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ ከባድ ታሪክ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232፣ ዲሲ 10 አውሮፕላን፣ አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ከተማ ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የጅራቱ ሞተር ውስጥ ያለው፣ ምላጮቹን የሚይዘው የፋን ዲስክ በበረራ ላይ ተሰብሮ ነበር። ዲስኩ የተሠራው ከዚሁ ባለ 6 እና ባለ 4 ቅይጥ ነው። መነሻው ብረቱ ሲቀልጥ ናይትሮጅን በዝቶበት የተፈጠረ ጠጣርና ተሰባሪ እንከን ነበር። ትንሽ ነጥብ ናት። ለዓመታት በየበረራው ስንጥቁ እያደገ ሄደ። ያንን ያመጣው ሌዘር አይደለም። ግን ናይትሮጅን የጠገበ ቲታኒየም በውጥረት ሥር ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

ስንጥቁን የሚያባብስ ሌላ ነገርም አለ። የቀለጠው ንብርብር ሲቀዘቅዝ መጨማደድ ይፈልጋል። ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን አይለቀውም። ስለዚህ ላዩ እንደተሳበ ይቀራል። ማንም ሳይጭነው ውስጡ የሚስብ ውጥረት ታምቆበታል። ናይትራይድ ንብርብሮች ብዙ ጊዜ ገና ከሌዘሩ ሥር ሳይወጡ የሚሰነጠቁት ለዚህ ነው። የሚረዱ ዘዴዎች አሉ። ናይትሮጅኑን በአርጎን ማቅጠን፣ ዕቃውን ቀድሞ ማሞቅ፣ ንብርብሩን ማሳነስ፣ በኋላም በቫኪዩም ምድጃ ውስጥ ውጥረቱን ማርገብ። ሁሉም ሃርድነሱን ትንሽ ይቀንሳሉ። ሁሉም ዕድሜውን ያረዝማሉ። ዱቄት እየነፉ በሌዘር የሚለብጡበት መንገድም አለ፤ ጣጣው ከዚሁ ጋር ስለሚመሳሰል አልደግመውም።

አሁን ወደምወደው እንሂድ። ሳያቀልጥ የሚያጠነክር ሌዘር አለ። ሌዘር ሾክ ፒኒንግ ይባላል። ዕቃው ጥቁር ቀለም ይቀባል ወይም ቴፕ ይለጠፍበታል። በላዩ ላይ ስስ ውሃ ይፈስሳል። ከዚያ በጣም አጭር የሌዘር ምት ይወርዳል፣ ከ10 እስከ 30 ናኖ ሰከንድ አካባቢ የሚቆይ። ቀለሙ ተኖ ወደ ፕላዝማ፣ እጅግ ወደጋለ ጋዝ፣ ይቀየራል። ውሃው ስላፈነው ወደ ላይ ማምለጥ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ታች ይገፋል። ግፊቱ ብዙ ጊጋ ፓስካል ይደርሳል። የድንጋጤ ሞገድ ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ ያለፈበትን ክፍል ወደ ጎን ሊያሰፋው ይሞክራል። ዙሪያው ያለው ብረት ግን አይለቅለትም፣ ጨምቆ ይይዘዋል። ምቱ ካለፈ በኋላም ጭምቁ ይቀራል። ብረቱ ራሱ አልቀለጠም። አየር አልገባበትም። መርፌም አልተፈጠረም።

እዚህ ላይ የቃል አጠቃቀማችን መስተካከል አለበት። ይህ ሕክምና የቅይጡን ታፍነስ አይጨምርም። 60 የነበረው 60 ነው። የሚለወጠው ስንጥቁ የሚቀበለው ኃይል ነው። ዕቃው ሲሳብ ታምቆ ያለው ጭምቅ ይቀንስለታል፤ ስንጥቁ አፉን መክፈት ያቅተዋል። ያ ጭምቅ አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገባል። በጥቃቅን ኳሶች መደብደብ የሚባለው የቆየው ዘዴ የሚደርሰው የዚህን ሩብ ያህል ነው። እንግዲህ ጥልቀት እዚህ ጥሩ ነው። ከላይ ለናይትራይዱ ያልኩትን አስታውሱ። ሁለቱም ሌዘር ናቸው፣ ሁለቱም ጥልቅ ናቸው፣ ውጤታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ዘዴው ያደገው ኦሃዮ ውስጥ ባለው ባቴል የምርምር ተቋም ነው፣ በ1970ዎቹ። ለዓመታት ላቦራቶሪ ውስጥ ቆየ፤ ሌዘሮቹ ትልልቅና ዘገምተኛ ነበሩ። ያወጣው ችግር ነው። የቢ 1 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞተሮች ጠጠርና በረዶ እየሳቡ የቲታኒየም ምላጮቻቸው ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስ ነበር። ከዚያች ጉዳት ስንጥቅ እየተነሳ ምላጩ ይሰበራል። በ1990ዎቹ የምላጮቹ ጠርዝ በዚህ ሌዘር መመታት ሲጀምር የተጎዳ ምላጭ እንዳልተጎዳ መሥራት ቻለ። አሁን በመንገደኛ አውሮፕላን ሞተሮችም ሥራ ላይ ውሏል። ያም ሆኖ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። ላዩ ከተጨመቀ ሌላ ቦታ የሚሳብ ክፍል መኖር አለበት፣ ሚዛኑ እንዲጠበቅ። ቀጭን ዕቃ ላይ ከበዛ ስንጥቁ ከውስጥ ይጀምራል። ምላጮቹ ከሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ የሚመቱት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ስል "ማን ለካው?" የሚል አንባቢ ካለ ደስ ይለኛል። እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የማቴሪያል ትምህርት የሚከታተሉ ልጆች አሉን፤ ጥያቄው በተለይ ለእነሱ ነው። የገጽ ንብርብርን ታፍነስ መለካት በጣም ከባድ ነው። ብዙ ሰው ናሙናን በሚወዛወዝ መዶሻ መትቶ የሚሰብረውን ሻርፒ ፈተና ይመርጣል፣ ማሽኑ ስለሚገኝ። የሻርፒ ናሙና 10 በ10 ሚሊ ሜትር ነው። መሀሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሚገባ ቪ ቅርጽ ይቆረጥበታል። አሁን አስቡት። የታከመው ንብርብር ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ቪው ሲቆረጥ ንብርብሩ ስብራቱ ከሚነሳበት ቦታ ተወግዷል! የተሰበረው ያልታከመው ውስጡ ነው። ከዚያ "ሕክምናው ታፍነሱን አልቀነሰም" ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ያለበት ጽሑፍ ስታገኙ መጀመሪያ ቪው መቼ እንደተቆረጠ ፈልጉ፣ ከሌዘሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ።

ትክክለኛው የታፍነስ ፈተናም የራሱ ጣጣ አለው። ናሙናው በቂ ውፍረት ከሌለው ቁጥሩ ተቀባይነት የለውም። የውፍረቱ ሕግ ታፍነሱን ለጥንካሬው አካፍሎ፣ ካሬውን ወስዶ፣ በ2.5 ማባዛት ነው። ለታፍነስ 60ና ለጥንካሬ 880 ሜጋ ፓስካል ስትሠሩት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ታፍነሱ 90 ከሆነ 26 ሚሊ ሜትር። ክንድ ላይ የሚገጠም ፕሌት ግን ውፍረቱ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ነው። ንብርብሩማ ከዚያም በጣም ያንሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሌላ በር ይገባሉ። በአልማዝ ጫፍ ንብርብሩን ወግተው ከአራቱ ማዕዘን የሚወጡትን ስንጥቆች ርዝመት ይለካሉ። ግምት ነው፣ ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። የታከመውን ናሙና እያጠፉ ንብርብሩ የሚሰነጠቅበትን ነጥብ መያዝም ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ያለቀለትን ዕቃ ራሱን በሚሊዮን ጊዜ መጫን ነው። ውድ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው።

ወደ እግራችን እንመለስ። የተሰበረ ፕሌት እጃችሁ ከገባ የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃን አዘንብሉት። አብዛኛውን ጊዜ ስብራቱ የሚያልፈው በብሎን ቀዳዳ ላይ ነው፣ አጥንቱ ከተሰበረበት ትይዩ። ከቀዳዳው ጠርዝ የሚነሳ ለስለስ ያለ ክፍል ይታያል። በላዩ ላይ ቅስት ቅስት የሆኑ ስስ መስመሮች ይደረደራሉ፣ እንደ ሞገድ። ስንጥቁ ቀስ እያለ የተጓዘበት ምልክት ነው። ከዚያ ወዲያ ሻካራና ግራጫ ክፍል አለ፤ ያ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቀደደው ነው። ለስላሳው ክፍል ሰፊ ከሆነ ብረቱ ታግሦ ነበር ማለት ነው። ስንጥቁ ግን ከአንድ ቦታ ጀምሯል። የጀመረበትን ቦታ ነው መፈለግ።

አንዳንዴ ያ ቦታ የተጻፈበት ቦታ ነው። የሰውነት ተከላ ዕቃዎች ላይ የፋብሪካ ስም፣ የመጠንና የምርት ቁጥር በሌዘር ይጻፋል። መጻፉ ግዴታ ነው፤ ችግር ሲመጣ ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በእሱ ነው። ግን እያንዳንዷ ፊደል በትንሹ የቀለጠ፣ ኦክስጅን የነካው፣ የተሳበ መስመር ናት። ከላይ ያልኩት ሁሉ በትንሹ እዚያ ይደገማል። የዳሌ መገጣጠሚያ ዕቃዎች አንገታቸው ላይ ከተጻፈው የሌዘር ጽሑፍ ተነስተው የተሰበሩበት ሁኔታ በሕክምና ጽሑፎች ተዘግቧል። አዋቂ ፋብሪካ የሚጽፈው ጭነት በማይበዛበት ቦታ ላይ ነው፣ ከቀዳዳዎቹ ራቅ አድርጎ። ዕቃ ስትገዙ ጽሑፉ የት እንዳለ ማየት መሣሪያ አይጠይቅም፤ ዓይን ይበቃል።

ሻጩን ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት። ሌዘሩ የሚያቀልጥ ነው ወይስ የማያቀልጥ? በምን ጋዝ ውስጥ ተሠራ? ንብርብሩ ስንት ማይክሮን ነው? በኋላ ውጥረቱ በሙቀት ረግቧል? ያለቀለት ዕቃ በተደጋጋሚ ጭነት ተፈትኖ ወረቀት አለው? ወረቀቱ ከሌለ፣ ያልታከመና ደረጃውን የጠበቀ ተራ ደረጃ 23 ፕሌት ይሻላል ባይ ነኝ። ስቴንለሱም ቢሆን በሚገባ የተሠራ ከሆነ የሚናቅ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ በእንፋሎት መቀቀሉ ደግሞ አያሳስባችሁ፤ ቲታኒየምን የሚለውጠው ሙቀት ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

ሠፈራችን አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት አለ። እግሩ ላይ ፕሌት ገብቶለታል።

"ጋሼ፣ የእኔ በሌዘር የተሠራ ነው ብለውኛል። አሁን ክራንቹን ብጥለውስ?" አለኝ።

"ሐኪምህ ምን አለህ?"

"ጠብቅ ነው የሚለኝ። ግን ሥራው አላስቆመኝም፣ ጋሼ።"

"ስማኝ የኔ ልጅ። ብረቱ የገባው አጥንትህ እስኪገጥም እንዲይዝልህ ነው። በአጥንቱ ፈንታ እንዲሄድልህ አይደለም።"

ቀልድ አይደለም። ተጠንቅቆ የተሠራ ፕሌትም ቢሆን ከአጥንቱ ጋር እሽቅድምድም ላይ ነው። አጥንቱ ቶሎ ከገጠመ ጭነቱን ይረከበዋል፤ ብረቱ ያርፋል። አጥንቱ ካልገጠመ ግን ሙሉ ክብደቱ በየእርምጃው በብረቱ ላይ ያርፋል። አንድ ሰው በዓመት የሚራመደው እርምጃ ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ያን ያህል ጭነት ለብቻው ለዘላለም የሚችል ፕሌት የለም፣ ሌዘር ነካው አልነካው።

ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ርዕስ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በትልቅ ማሽን አትጀምሩ። ናሙናውን በጎን ቁረጡት፣ አለስልሱት፣ ከላይ ወደ ውስጥ በየ50 ማይክሮኑ ሃርድነሱን ለኩ። የንብርብሩን ትክክለኛ ጥልቀት ያወጣላችኋል፤ ስንጥቅ ካለም እዚያው ይታያችኋል። "ታፍነሱ ተሻሻለ" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያ ሥዕል እጃችሁ ላይ ይኑር። መዋቅሩን ለማየት የምትጠቀሙበት ክሮል የሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለ። ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ላያቃጥል ይችላል፣ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ አጥንት ድረስ ይጎዳል። ጭስ መሳቢያ ሥር ካልሆነ፣ ትክክለኛው ጓንት ካልተደረገና የዚህን አሲድ ቃጠሎ የሚያክመው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጠ ጠርሙሱን አትክፈቱት።